ማሽኑ «አቤት» ሲል፣ «እምቢ» ሲል፣ ዝም ሲል

ወሩ ሊያልቅ አራት አምስት ቀን ሲቀረው ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የደመወዝ ሰሞን ነዋ። የጣት አሻራ ማሽኑ ወሩን ሙሉ የሰበሰበው የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ወደ ኮምፒውተር መውረድ አለበት። ካልወረደ ደመወዝ አይሠራም። ደመወዝ ካልተሠራ ደግሞ ሠራተኛው በሙሉ የሰው ኃይል ቢሮ በር ላይ ነው።

በአንዱ እንዲህ ያለ ሰሞን የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ደወሉልኝ።

«ማሽኑ አልገናኝ አለኝ ልጄ።»

«ምን ብሎ ይጽፍልዎታል?»

«ቀይ ነገር ነው። ኮኔክሽን ፌይልድ ይላል መሰለኝ።»

«ማሽኑ ራሱ ይሠራል?»

«አሻራ ይቀበላል። ለሁሉም ‹ታንክ ዩ› እያለ ያስገባል። እኔን ብቻ ነው ያኮረፈኝ።»

ስደርስ ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ተነቅሎ እንደገና ተጭኗል። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ በርቷል። አንድ ልጅ ደግሞ ፍላሽ ይዞ ቆሟል፤ ኮምፒውተሩን ፎርማት ሊያደርገው። ልጁ ላይ አልፈርድም። እኔም ስጀምር የማውቀው መድኃኒት ሁለት ብቻ ነበር፦ ሪስታርትና ፎርማት።

«አልተገናኘም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሰው ቤት ተልኮ «አላገኘሁትም» ብሎ የተመለሰን መልእክተኛ አስቡት። መንገዱ ተዘግቶበት ነው? ቤቱ ጠፍቶት ነው? አንኳኩቶ ዝም ብለውት ነው? ወይስ ወጥተው «አንተን አናስገባም» ብለውት? በአራቱም የሚያመጣልን ወሬ «አላገኘሁትም» ነው። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

የምጽፈው አሻራ ማሽኑን ይዤ ነው። የምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ትእዛዝ የሚያትም ፕሪንተር፣ የደህንነት ካሜራ ወይም የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሳጥን ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። እዚህ ፕሮግራም አለ፤ ማዶ ዕቃ አለ፤ መሐላቸው ሽቦ ወይም ዋይፋይ አለ። አልተሰማሙም።

መጀመሪያ ትንሿን መብራት

ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ትንንሽ መብራቶች አሉ። በስዊቹ (ኬብሎቹ ሁሉ በሚሰበሰቡበት ሳጥን) በኩል አብዛኛውን ጊዜ አሉ፤ በማሽኑ በኩል አንዳንዴ አይኖሩም። ኬብሉ ተሰክቶ መብራቷ ጨርሶ ካልበራች ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ኬብሉ ተበጥሷል፣ ወልቋል፣ ወይም ከወዲያ ያለው ዕቃ ኤሌክትሪክ የለውም።

ቀላል ይመስላል። ግን ስንት ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብዬ በወንበር እግር የተጨፈለቀ ኬብል እንዳገኘሁ አልቆጥረውም።

ኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለሚያወራ ዕቃ አራቱ ብቻ ይበቁታል፦ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እና 6ኛ። 1 ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ሽቦ የተበጠሰበት ኬብል ማሽኑ ላይ ምንም ሳይል ሲሠራ ከርሞ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ሊንቀራፈፍ ይችላል። «ኬብሉ ደህና ነው፣ እዚያ ሠርቷል» የሚለው ምስክርነት ሙሉ አይደለም። ርዝመቱም ገደብ አለው፤ 100 ሜትር። ከዋናው ሕንፃ እስከ ጥበቃ ቤት የተዘረጋ ኬብል፣ ግድግዳ ለግድግዳ ሲዞር፣ ይህን ሳታስቡት ያልፋል።

ኬብል የሚፈተነው በሌላ ኬብል ነው። የሚሠራ አንድ ተዋሱና ለውጡት። አለቀ።

በዚያ ቢሮ መብራቷ አለች፤ ብልጭ ድርግምም ትላለች። አለፍኩ።

ሰፈርና የቤት ቁጥር

እያንዳንዱ ዕቃ አይፒ የሚባል አድራሻ አለው። በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። የቢሮ ኔትወርኮች አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራሉ። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም። በ1996 እንደ አውሮፓውያኑ በወጣው ስምምነት 192.168፣ 10 እና ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ተለይተዋል። የእናንተ 192.168.1.201 እና የጎረቤት ድርጅቱ 192.168.1.201 የማይጋጩት ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ከግቢያቸው አይወጡም።

ከአድራሻው ጎን 255.255.255.0 የሚል ሌላ ቁጥር ታያላችሁ። ይህ የሚለው «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሰፈሩ ናቸው፤ የመጨረሻው የቤት ቁጥር ነው» ነው። ማሽኑ 192.168.1.201 ሆኖ ኮምፒውተሩ 192.168.0.15 ከሆነ ሰፈራቸው ይለያያል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡም የሚያገናኛቸው ከሌለ አይተዋወቁም።

ይህ እኛ ጋ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ኢንተርኔቱ ሲገባ ከራውተር ጋር ይመጣል። ዋይፋዩ ለሁሉም ክፍል አልደርስ ሲል አንድ ሰው ሌላ ራውተር ገዝቶ ይጨምራል። ሁለተኛው ራውተር ደግሞ የራሱን ሰፈር ይመሠርታል። አሁን አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰፈር አለ ማለት ነው። አሮጌው ራውተር ላይ ያለው ማሽን እና አዲሱ ዋይፋይ ላይ ያለው ላፕቶፕ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ መስታወት መሐላቸው ቆሟል፤ ላፕቶፑ ማሽኑን ሊጠራው ይችል ይሆናል፣ ማሽኑ ግን ላፕቶፑን አያየውም። ለእንግዶች ተብሎ የተከፈተ ዋይፋይም እንዲሁ ነው። ኢንተርኔት ይሰጣል፤ ከግቢው ዕቃዎች ጋር ግን አያገናኝም።

ደግሞ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ዕቃው «አድራሻ የሚሰጠኝ አጣሁና ለራሴ አወጣሁ» እያላችሁ ነው። አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው፤ አልሰማውም ማለት ነው። ወደ ኬብሉ ተመለሱ።

የእኛ ኮምፒውተር 192.168.1.15 ነው። ማሽኑ ላይ ሜኑ ውስጥ ገብቼ አየሁ፤ 192.168.1.201። ሰፈራቸው አንድ ነው።

ስም ጠርቶ መሞከር

ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ፣ የጦር ኃይሉ የጥናት ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ በታኅሣሥ 1983 እንደ አውሮፓውያኑ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። የኔትወርክ ችግር አናዶት ነው። ስሙን ፒንግ አለው፤ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ሲያዳምጥ ከሚሰማው ድምፅ ወስዶ። ዛሬም ድረስ ከእሱ የቀለለ መሣሪያ የለም። ወደ አንድ አድራሻ «አለህ?» ብሎ ይጠራል፤ ያም «አቤት» ይላል።

ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ ፒንግ ብላችሁ የማሽኑን አድራሻ ትጽፋላችሁ። አራት ጊዜ ይጠራል። መልሱን ግን በጥሞና አንብቡት፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ሪፕላይ ፍሮም» ብሎ የማሽኑን አድራሻ ከጻፈ «አቤት» ተብሏል። «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ካለ ዝም ተብሏል። ሦስተኛው አታላይ ነው። «ሪፕላይ ፍሮም» ይልና የኮምፒውተሩን የራሱን አድራሻ ይጽፋል፤ ከኋላው «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» ያስከትላል። ይህ ምላሽ አይደለም። ኮምፒውተራችሁ ለራሱ «ሰፈሩን ዞሬ ጠየቅሁ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም አሉኝ» እያለ ነው። ይባስ ብሎ መጨረሻ ላይ «አራት ተልኮ አራት ደረሰ፣ የጠፋ 0 በመቶ» ብሎ ይደመድማል። ያንን የመጨረሻ መስመር ብቻ አይቶ «ኔትወርኩ ሰላም ነው» ብሎ የሄደ ቴክኒሻን አውቃለሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ።

በዚያ ቢሮ ፒንግ አደረግሁ። አራቱም ትክክለኛ «ሪፕላይ»፣ ከ192.168.1.201።

ባለ ፍላሹ ልጅ ፈገግ አለ። «አየህ? ኔትወርኩ ይሠራል። ፕሮግራሙ ነው። ፎርማት ላድርገው?»

«ቆይ» አልኩት።

«ደግሞ እኮ» አሉ ኃላፊዋ፣ «ጠዋት ጠዋት ይገናኛል። ረፋድ ላይ ነው የሚያኮርፈው።»

ይህን በስልክ ቢነግሩኝ ኖሮ ግማሽ መንገድ ላይ እጨርሰው ነበር። ሰዓት የሚመርጥ ብልሽት ሲገጥማችሁ ከፕሮግራሙ ዓይናችሁን አንሱና ሰው ላይ ጣሉ። ረፋድ ላይ ምን ይመጣል? ማን ይገባል? ምን ይበራል?

እምቢታ እና ዝምታ

አንድ ዕቃ አንድ አድራሻ ቢኖረውም በሮቹ ብዙ ናቸው። ፖርት ይባላሉ፤ ቁጥራቸው እስከ 65,535 ይደርሳል። እያንዳንዱ አገልግሎት በራሱ በር ተቀምጦ ይጠብቃል። የኔትወርክ ፕሪንተሮች ብዙ ጊዜ 9100 ላይ ናቸው። ካሜራ ምስሉን በ554 ይሰጣል። በ1979 እንደ አውሮፓውያኑ ለፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች የተወለደው ሞድባስ የሚባል ቋንቋ ዛሬ በኔትወርክ ሲሄድ 502ን ይጠቀማል። አሻራ ማሽኖች ዘንድ 4370 የተለመደ ነው።

ፒንግ በር አያንኳኳም። አጥር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል እንጂ። ግቢው ውስጥ ሰው መኖሩን ይነግራችኋል፤ የምትፈልጉት በር መከፈቱን አይነግራችሁም። ያንን ለማወቅ በሩን ራሱን ማንኳኳት ነው። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል በሚባለው ሌላ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ ቴስት ኔትኮኔክሽን የሚባል ትእዛዝ አለ፤ አድራሻና የፖርት ቁጥር ትሰጡታላችሁ።

ቲሲፒ በሚባለው ደንብ ሲያንኳኩ ወግ አለው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ «ልግባ?» ይላል። ዕቃው «ግባ፣ አንተም ሰምተኸኛል?» ይላል። ፕሮግራሙ «ሰምቻለሁ» ይልና ወሬው ይጀመራል። ይህ ካልተሳካ የሚመጣው ከሁለት አንዱ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ የሁለቱን ልዩነት ያዙልኝ።

አንደኛው እምቢታ ነው። ዕቃው «እዚህ በር ላይ የሚቀበልህ የለም» ብሎ ይመልሳል። ቶሎ ይመጣል፤ በሁለት ሰከንድ ገደማ። የዊንዶውስ የስህተት ቁጥሩ 10061 ነው። እምቢታ ጥሩ ዜና ነው! ኬብሉ ደህና ነው፣ አድራሻው ላይ ሰው አለ፣ መንገዱ ወዲያም ወዲህም ይሠራል ማለት ነው። የተሳሳተው በሩ ነው፤ ወይ የፖርት ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ወይ ማሽኑ ውስጥ ያ አገልግሎት ጠፍቷል፣ ወይ ደግሞ ያናገራችሁት ሰው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። ቁጥሩ 10060። ፕሮግራሙ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ ይደግማል፣ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ 21 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ተስፋ ይቆርጣል። ዕቃው ጠፍቶ ይሆናል። ሰፈሩ የተለየ ይሆናል። ወይም መሐል ላይ የሚያልፈውን የሚያጣራ ፋየርዎል ቆሟል። ፋየርዎል ጨዋ ዘበኛ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ «አይቻልም» እንኳ አይላችሁም። የመጣውን ወስዶ ይጥለዋል።

ስለዚህ ሰዓታችሁን እዩ። ስህተቱ ቶሎ መጣ ወይስ አስጠበቃችሁ? ፕሮግራሙ ሁለቱንም በቀይ «ኮኔክሽን ፌይልድ» ብሎ ቢያጠቃልላቸውም የወሰደው ጊዜ ያጋልጠዋል። እውነት ለመናገር ያንን ቁጥር ከተጠቃሚ የሚደብቁ ፕሮግራመሮች ያናድዱኛል። ቁጥሯን ከመልእክቷ ጎን ቢያስቀምጧት ስንት ኮምፒውተር ከፎርማት ይድን ነበር።

እኛ ዘንድ የመጣው እምቢታ ነው፤ ቶሎ። ፒንግ «አቤት» አለ፤ 4370 «እምቢ» አለ። ማሽኑ ላይ ፖርቱን አየሁት፤ 4370 ነው። አገልግሎቱም በርቷል። ጠዋት ደግሞ ሠርቷል።

የቀረኝ «ያናገራችሁት ሰው ሌላ ነው» የሚለው ነው።

ገበያ መሐል «አበበ!» ብላችሁ ብትጣሩ አንዱ «አቤት» ማለቱ አይቀርም። የእናንተ አበበ መሆኑን ግን በምን ታውቃላችሁ?

መፈተኛው እጅግ ቀላል ነው። ልጁን ወደ በሩ ላክሁትና «የማሽኑን ኬብል ንቀለው» አልኩት። ነቀለው። ፒንግ አደረግሁ። «ሪፕላይ ፍሮም 192.168.1.201።» ማሽኑ ከኔትወርኩ ወጥቷል፤ አድራሻው ግን አሁንም «አቤት» ይላል።

ልጁ ተመልሶ ስክሪኑን ሲያይ ፍላሹን ኪሱ ከተተ።

ማን ነው ታዲያ? እያንዳንዱ የኔትወርክ ዕቃ ከአይፒ በተጨማሪ ማክ አድራሻ አለው፤ 12 ምልክት ያለው፣ ከፋብሪካ አብሮት የሚመጣ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምልክቶች አምራቹን ያሳያሉ። ኮምፒውተሩ በቅርቡ ያናገራቸውን ሁሉ አይፒና ማክ አጣምሮ ይመዘግባል፤ ኤአርፒ የሚባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ያወጣላችኋል። ከ201 ትይዩ ያለውን ማክ ማሽኑ ሜኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። አይመሳሰልም። ሁለተኛዋ ምልክት 6 ናት። እዚያ ቦታ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ካያችሁ ማኩ ከፋብሪካ የመጣ ሳይሆን ዕቃው ራሱ የፈጠረው ነው። የዘመኑ ስልኮች ባለቤታቸው በየዋይፋዩ እንዳይታወቅ ብለው የሚያደርጉት ይህንን ነው።

ስልክ ነው። የአንድ ሠራተኛ ስልክ።

እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለመገመት አልከበደኝም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ዋይፋዩ ሲዘገይባቸው አንድ ሰው የራውተሩን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖታል። ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ልማዱ ተመለሰና ለሚመጣ ሁሉ ከ2 እስከ 254 ካለው የቤት ቁጥር ያገኘውን ማደል ጀመረ። የማሽኑ 201 በእጅ የተሞላ ነው፤ ራውተሩ አያውቀውም። አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ራውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ስለሆነ አልጠፋም፤ ማሽኑ ግን ጠፋ። በዚያ መሐል የመጣ ስልክ አድራሻ ሲጠይቅ 201 ባዶ ቤት መስሎ ተሰጠው። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው በአንድ ቤት ቁጥር ይኖራል። የስልኩ ባለቤት ረፋድ ላይ ቢሮ ሲገባ ስልኩ 201ን ይይዛል፤ ጠዋት ማሽኑ ብቻውን ስለሆነ ይገናኛል።

መፍትሔው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ የሚያድለውን ከ100 እስከ 199 ወሰንኩት። ስልኩን ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ብቻ፤ አዲስ ቁጥር ወሰደ። ኬብሉ ተመለሰ። ፕሮግራሙ ተገናኘ።

ማሽኑ ሲደውልላችሁ

እስካሁን ደዋዩ ፕሮግራሙ ነበር። አንዳንድ ማሽኖች ግን ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ሰው አሻራ ባደረገ ቁጥር ራሳቸው ወደ ኮምፒውተሩ ይደውላሉ። ያኔ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን በነፃ ያሳልፋል፤ ከውጭ የሚመጣውን ግን ካልፈቀዳችሁለት ይከለክላል። በተለይ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው፣ እንደ ካፌ ዋይፋይ አድርጎ ይጠረጥረዋል። ራውተር ሲቀየር ኔትወርኩ አዲስ ስለሚመስለው ወደዚህ ጥርጣሬ ይመለሳል። «ትናንት ሲሠራ የነበረ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት ለአንድ ደቂቃ ፈተና ይሆናል፤ አጥፍቶ መሄድ ግን በር ከፍቶ መተኛት ነው። ለዚያች ፖርት ብቻ ፍቀዱ።

ሪስታርት ለምን ይሠራል?

ቅድም በሪስታርት ቀለድኩ፤ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚሠራ አልክድም። ምክንያቱ መብራት ነው።

ሁለት ሰዎች በስልክ እያወሩ የአንዱ ባትሪ ቢያልቅ ሌላው «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ቲሲፒ ግን «ሃሎ» አይልም። ፕሮግራሙና ማሽኑ ተገናኝተው ዝም ባሉበት የአንዱ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ሌላው አያውቅም። መስመሩ ክፍት ነው ብሎ ይጠብቃል። ኪፕአላይቭ የሚባል የ«አለህ?» ጥያቄ አለ፤ ፕሮግራመሩ ካላበራው አይሠራም። ቢያበራውም የተለመደው መነሻ 2 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት!

ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ማሽኑ የሙት መስመር ይዞ ይቀራል። አንድ ሰው ብቻ የሚያስተናግድ ማሽን ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲመለስ «መስመሩ ተይዟል» ይለዋል። የያዘው ራሱ የቅድሙ ኮምፒውተር መሆኑን አያውቅም። ማሽኑን ሪስታርት ስታደርጉት ያንን የሙት መስመር ይረሳዋል፤ «ተስተካከለ» ትላላችሁ። በተቃራኒው የጠፋው ማሽኑ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ በድሮው መስመር ሲናገር ማሽኑ «አንተን አላውቅህም» ብሎ ይዘጋበታል፤ ይህ 10054 ነው። ደህና የተጻፈ ፕሮግራም ይህን ሲያይ ዘግቶ እንደገና ይደውላል። ያልተጻፈው ቀይ ነገር ይጽፋል። ሌላ ቢሮ ውስጥ የተረሳ ሁለተኛ የፕሮግራሙ ቅጂም መስመሩን ይዞ ሊውል ይችላል፤ እሱን ፈልጉ።

ገብቶም አለመግባባት

ፕሮግራም ለምትጽፉት ጥቂት ልጨምር። በሩ ተከፍቶ፣ መስመሩ ተይዞ፣ የመጣው መረጃ ግን የማይጨበጥ ሲሆን የኔትወርኩ ሥራ አልቋል፤ የቀረው ቋንቋ ነው።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚጥለው አንድ እምነት አለ፦ «ማሽኑ አንድ ጊዜ ከላከ እኔም አንድ ጊዜ አነባለሁ።» ቲሲፒ እንዲህ አይሠራም። ቲሲፒ ቧንቧ ነው። ማሽኑ በሦስት ጆግ ቢያፈስም እናንተ ጋ በሁለት ወይም በሰባት ሊደርስ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል፤ የጆጉ ድንበር ግን ይጠፋል። ቤታችሁ ስትሞክሩት መረጃው ትንሽ ስለሆነ ሁሉም በአንዴ ይደርስና የሠራችሁ ይመስላችኋል። ወሩን ሙሉ የሞላ ማሽን ላይ ስትሄዱ ግማሽ መዝገብ ታነባላችሁ። መጀመሪያ የመልእክቱን ርዝመት አንብቡ፤ ያ ርዝመት እስኪሞላ ድረስ ማንበባችሁን ቀጥሉ።

ሌላው የባይት ቅደም ተከተል ነው። 01 እና 02 የሚሉ ሁለት ባይቶች መጡ እንበል። ከግራ የሚጀምር 258 ብሎ ያነባቸዋል፤ ከቀኝ የሚጀምር 513። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መስማማት ነው የሚያስፈልገው። የሠራተኛ ቁጥር 258 የሆነች ሴት ፈንታ 513 የሚባል ሰው ሥራ ገብቶ ካገኛችሁት፣ የማታውቁት ሠራተኛ አልተቀጠረም።

እዚህ ደረጃ ላይ በመገመት አትድከሙ። ዋየርሻርክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በ1998 ኢቴሪያል ተብሎ ተጀምሮ በ2006 ስሙ የተቀየረ፣ ሁለቱም ዓመት እንደ አውሮፓውያኑ። በሽቦው የሚያልፈውን ወሬ ባይት በባይት ያሳያል። ማን መጀመሪያ እንደተናገረ፣ ማን እንደዘጋ፣ ማን ዝም እንዳለ ስክሪኑ ላይ ታዩታላችሁ።

በዚያ ቢሮም የቋንቋ ነገር አልቀረልንም። መዝገቡ ወርዶ ካለቀ በኋላ ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ያዩ ጀመር። ቆም አሉ።

«ይሄ ምንድነው ልጄ? ጥበቃው፣ ገንዘብ ያዧ፣ ሹፌሩ... ሁሉም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገብተዋል ይላል።»

አየሁት። ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ያለው ሁሉ 2:30፣ 2:25፣ 2:40 ነው። አንድም ባይት አልተበላሸም፤ ማሽኑ የላከው በትክክል ደርሷል። የማሽኑ የሰዓት ባትሪ ደክሞ ኖሮ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ረስቷል። በማግስቱ ጥበቃው ደግነት አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ አስተካክለውታል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን 2:30 ብለው። ፕሮግራሙ ግን ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ ለእሱ ሁሉም ስድስት ሰዓት ያህል ቀድመው የገቡ ትጉሃን ናቸው።

በእነዚያ ቀናት ላይ ስድስት ስድስት ሰዓት ጨምሬ፣ የማሽኑን ሰዓት ከኮምፒውተሩ ጋር አስማምቼ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ኃላፊዋ ግን አሁንም ወረቀቱን ይዘው ይስቃሉ።

«እና ማሽኑ የሌሊቱን ኦቨርታይም አስልቶልኝ ነበራ!»